የመርማሪው ጥናት

ገነቴ ሽብሩ ሰው መናቅ የጀመረችው ዩኒቨርሲቲ ከገባች በኋላ ነው። የትውልድ ቀዬዋ ሆመቾ ሳለች የተማረ ሰው ትፈራ ነበር። የተማረ ማለት ለእሷ የሚናገረውን የሚያውቅ፣ የማያውቀውን ደግሞ የማይናገር ፍጡር ነበር። ሆሳዕና መጥታ የአካባቢ ሳይንስ ዲፓርትመንት ውስጥ ዓመታት ስትቆይ ግን የተማረውን ሰው ከቅርብ አየችው። ቅርበት ክፉ ነው፤ ፍርሃቷን ወሰደና ንቀት ተክቶላት ሄደ።

ንቀቷን አትደብቀውም ነበር። መምህር ሲሳሳት ቅንድቧ ይነሳል። የክፍል ጓደኞቿ የቡድን ሥራ ሲያመጡላት ወረቀቱን እንደ እርጥብ ካልሲ በሁለት ጣቷ ታነሳዋለች። ትዕቢቷ ከቁመቷ ይበልጣል ይሏታል፤ ትሰማለች፤ ደስም ይላታል። አንድ ነገር ግን የሚጠሏትም አይክዱም፤ ገነቴ አትዋሽም። የሆነ ነገር አለ ካለች አለ፣ የለም ካለች የለም። ክፍል ውስጥ ሁለት ሰው ሲከራከር ስልክ ከማውጣት ይልቅ እሷን መጠየቅ ይቀል ነበር።

ለጽሑፍ ያላት ዓይን ከአያቷ የወረሰችው ነው። አያቷ እንግዳ ደጃቸው ሲደርስ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቁት የማን ልጅ እንደሆነና ከየትኛው ጎሳ እንደሚመዘዝ ነበር። እንግዳው አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እየጠራ ወደ ላይ ይወጣል። መሀል ላይ ከተደናቀፈ ምግቡን አይከለክሉትም፤ ቃሉን ግን ከዚያ በኋላ አያምኑትም። ገነቴም የቀድሞ ተመራቂዎችን ጥናት ስታነብ የምታደርገው ይህንኑ ነው። «የወንዙ ውሃ በከፍተኛ ደረጃ ተበክሏል» ይላል አንዱ። የማን ልጅ ነህ ትለዋለች። የእገሌ ነኝ ይላታል። እገሌን ከመደርደሪያ አውርዳ ስታገላብጥ እሱም ከሌላ እገሌ ወስዶታል፤ ያኛው ደግሞ ከመጀመሪያው። ዞሮ ዞሮ ልጁ የአያቱ አባት ሆኖ ይገኛል። ይህንን ሁሉ ፕሮፌሰሮች ፈርመውበታል፣ ማህተምም አርፎበታል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለው ለዚህ ግቢ የተተረተ ይመስላታል።

በዚያ ዓመት ዲፓርትመንቱ ከተመራቂዎቹ አንድ ሰው ለረዳት መምህርነት ሊያስቀር ነበር። አንድ ብቻ። እስከ መጨረሻው የተናነቁት ገነቴና አቤሴሎም ናቸው። ውጤታቸው ከመቀራረቡ የተነሳ የሚለያቸው የመመረቂያ ጥናቱ ማርክ ብቻ ነበር። ለአቤሴሎም ቦታው ቢገኝ ጥሩ ነው፣ ባይገኝም አባቱ አለለት። አያቱ ከሰሜን በጸሐፊነት ተመድበው የመጡ፣ አባቱ ጋሽ ወንዳፈረው ደግሞ በየቢሮው «ይግቡ፣ ይቀመጡ» የሚላቸው ሰው የማያጡ ናቸው። ለገነቴ ሌላ በር የለም። ወይ ረዳት መምህርነት፣ ወይ ሆመቾ ተመልሶ የአጎቷ ሱቅ ውስጥ ሚስማር በኪሎ መመዘን። አጎቷ የባንኮኒውን ጥግ ጠርጎ ይጠብቃታል።

ለጥናቷ የመረጠችው ከከተማው ግርጌ የምታልፈውን ወንዝ ነው። የከተማው ሰው ስሟን ረስቶ «ታችኛዋ» ይላታል። ላይ ያለው የባጃጅ እጥበቱን ሳሙና፣ የጋራዡን ዘይትና የሆቴሉን የማድቤት ፍሳሽ ይለቅባታል፤ ታች ያለው የሌሞ ወረዳ ገበሬ ከብቱን ያጠጣባታል፣ ልብሱን ያጥብባታል፣ ሲጨንቀውም ይጠጣታል። ነገሩ ሳይንስ አያስፈልገውም፣ አፍንጫ ይበቃዋል ትላለች ገነቴ። ዩኒቨርሲቲው ግን አፍንጫን እንደ ምንጭ አይቀበልም። መመሪያው ከአርባ ያላነሱ የተጻፉ ምንጮች ይላል።

የውሃውን ናሙና በክረምቱ ራሷ ቀድታ አስመርምራለች፤ የጎደላት ምንጩ ነው። እሷም ፍለጋ ወጣች። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ያሉት መጻሕፍት አንድ ፈረንጅ ቤቱን ሲያጸዳ የተረፉትን የላከ ይመስላሉ። ስለ በረዶ አካፋ አሠራር አለ፣ ስለ ውሻ አሠለጣጠን አለ፣ ስለ ወንዝ የለም። ኢንተርኔቱ ከሬጅስትራሩ ጀርባ ካለው ጽድ ሥር ካልሆነ አይያዝም፤ እዚያ ሥር ደግሞ ግማሹ ተማሪ ኳስ ያያል። የምትፈልገው ጽሑፍ ሲገኝ በሩ ላይ ዶላር ጠያቂ ተቀምጧል። ጽሑፍ በነጻ እናድላለን በሚሉ የቴሌግራም ቻናሎች ገባች፤ ያወረደችው ፋይል ሲከፈት የስምንተኛ ክፍል የሲቪክስ ጥያቄ ሆኖ ተገኘ። የውሃ ምርመራ ውጤት አለ የተባለ አንድ መሥሪያ ቤት ስትሄድ ደብዳቤ አምጪ አሏት። ደብዳቤ ስታመጣ ማህተሙ ደብዝዟል አሏት። ማህተሙ ሲደምቅ ኃላፊው ለስብሰባ ቦኖሻ ወርዷል። በመጨረሻ የሰጧት ወረቀት ላይ ቁጥሩ ነበረ፤ ውሃው ከየት እንደተቀዳና መቼ እንደተቀዳ ግን የሚል የለም። አመስግና ወጣችና ቅርጫት ውስጥ ጣለችው።

ይህም ሆኖ አልተመለሰችም። ለጽሑፎቹ ባለቤቶች በኢሜይል ትለምን ጀመር። አብዛኞቹ ዝም አሏት። አንድ ሕንዳዊ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ግን የለመነችውንም ያልለመነችውንም ጽሑፍ ላከላትና እግዚአብሔር ይርዳሽ አላት። እንዲህ እንዲህ እያለች የሰበሰበችው ከአርባው ብዙ የጎደለ ነበር። ሆኖም እያንዳንዱን ከርዕሱ እስከ መጨረሻው ነጥብ አንብባዋለች። በግቢው ታሪክ ከዝርዝሯ ውስጥ ማንኛውም ምንጭ ቢጠራ ሳትደነግጥ የምትቆም የመጀመሪያዋ ተመራቂ እኔ ነኝ ብላ አሰበች፤ አልተሳሳተችም ይሆናል።

አማካሪዋ መምህር ጠና ጥሩ ሰው ነው። በዚያ ግቢ ጥሩ ሰው የሚባለው ማንንም አስቀይሞ የማያውቅ ነው፤ ማንንም አስቀይሞ የማያውቅ ደግሞ ምንም ተናግሮ የማያውቅ ነው። ዝም አይነቅዝም የምትል ተረት አለችው፤ ዕድገቱንም፣ ቤቱንም፣ የዲፓርትመንቱን ቁልፍም በእሷ ነው ያገኘው። የገነቴን ጥናት ካነበበ በኋላ ቢሮው ጠራትና ሥራዋ ጥሩ እንደሆነ፣ ቋንቋዋ ጥሩ እንደሆነ፣ ሁሉም ጥሩ እንደሆነ ነገራት። ከዚያ በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ። የጥናቷ ዋና መርማሪ ዶክተር ወልደኪዳን ነው አላት።

ዶክተር ወልደኪዳን በሕይወቱ የጻፈው አንድ ጥናት ነው፤ እሱም ስለ ድንች ዘር አቀማመጥ ነው። ዶክተር ያሰኘችው እሷ ናት፣ ያሾመችው እሷ ናት፣ ያችኑ ድንች ይዞ ሱዳንም ኬንያም ስብሰባ ሄዷል። ተማሪ ሁሉ ይህንን ያውቃል። ስለዚህ ወልደኪዳን መርማሪ ሆኖ በተመደበበት ዓመት የሚወጣ ጥናት፣ ስለ ደን ይሁን ስለ ቆሻሻ፣ ስለ ንብ ይሁን ስለ ጎርፍ፣ ድንቹን ሳይጠቅስ አያልፍም። የአጠቃቀሱ ዘዴም ከታላቅ ወደ ታናሽ የሚተላለፍ ነው። መግቢያው ላይ ግብርና የኢትዮጵያ ኢኮኖሚ የጀርባ አጥንት ነው ተብሎ ይጻፋል፤ ከዚያ በቅንፍ «ወልደኪዳን» ይባላል። አገር ሁሉ በአፉ የሚለውን ነገር ዶክተሩ እንዳገኘው ተደርጎ ይሰጠዋል፤ እሱም ይቀበላል። ስሙን ሳይጠቅሱ ፊቱ መቅረብ አራስ ጥየቃ ባዶ እጅ እንደመሄድ ነው።

«አንድ መስመር ናት» አለ ጠና። «መግቢያው ላይ ጣል አድርጊያት።»

«መምህር፣ የእኔ ጥናት ስለ ወንዝ ነው። ድንቹን የት ልክተተው?»

«ድንች ውሃ ይፈልጋል» አለ ጠና፣ እያፈረ።

ገነቴ አየችው። ይህ ሰው ሚስት አለው፣ ልጆች አሉት፣ ጠዋት ጠዋት ከረባት ያስራል። ድንቹን አንብባዋለች፤ ስለ ወንዝ የሚል አንድ ቃል የለበትም አለችው። ያልጠቀማትን እንደማትጠቅስ ነግራው ወጣች። ጠና ወደ ውጭ አልተከተላትም። የራስሽ ጉዳይ ነው ብሎ በልቡ ሳይፈርም አልቀረም።

አቤሴሎምን ያገኘችው በዚያው ሰሞን ከግቢው በር ፊት ለፊት ባለው የፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው። የአቤሴሎም ጥናት ስለ ከተማው ቆሻሻ ሲሆን፣ ቆሻሻውን ከርቀት ነው ያጠናው። አርባውን ምንጭ የሰበሰበው ስልኩ ላይ ያለውን ኤአይ፣ የጠየቁትን ሁሉ የሚመልሰውን ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ጠይቆ ነው፤ አንድ ጠዋት አልፈጀበትም። መልኩ ያማረ፣ አንደበቱ የሚጥም፣ በማንም ላይ ክፋት የሌለው ልጅ ነው። ገነቴን ይወዳታል ማለትም ይቻላል። እሷ የምትንቀው ክፋት ስላለው ሳይሆን ድካም ስለማያውቅ ነው።

ወረቀቱን ገልብጦ በኩራት አሳያት። ሌላው ሁሉ ድንቹን ሲጠቅስ እሱ ያገኘው ሌላ ነው። «የሆሳዕና ከተማ ቆሻሻ በወንዞች ላይ ያለው ተጽዕኖ» የሚል የዶክተር ወልደኪዳን ጥናት፣ በታወቀ የውጭ መጽሔት፣ ከነቅጹና ከነገጹ። ዶክተሩ ስለ ከተማው ቆሻሻ የጻፈው ነገር አለ ወይ ብሎ ኤአዩን ጠየቀው፤ ኤአዩም እንደ ጥሩ ቤት ሠራተኛ የለም ብሎ ማስቀየም አልፈለገም።

ገነቴ መጀመሪያ ደነገጠች። በእሷው ወንዝ ላይ የተጻፈ ነገር እንዴት አመለጣት? ሮጣ ጽዱ ሥር ሄደችና መጽሔቱን ፈለገች። መጽሔቱ አለ። ቅጹም አለ። አቤሴሎም በጻፈው ገጽ ላይ የተቀመጠው ግን የጃፓን ባሕር ውስጥ ስለሚኖር አንድ ዓሣ ነው። ዙሪያውን ብትፈልግ፣ ስሙን በሦስት ዓይነት ፊደል እየቀያየረች ብትሞክር፣ የዶክተር ወልደኪዳን ስም ያለው ድንቹ ላይ ብቻ ነው።

ተመልሳ ነገረችው። «የለም» አለችው። «እንዲህ የሚባል ጥናት የለም።»

አቤሴሎም ሳቀ። ከአርባ ምንጭ መሀል ማን እያንዳንዱን ሊያይ ነው አላት።

«እሱ ያየዋል። ስሙ ነው። አንድ ልጅ ያለው ሰው ሁለተኛ ልጅ ሲያመጡለት አያውቅም ብለህ ነው?»

ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። ጥናቱ ተጠርዞ፣ ቅጂው ለመርማሪዎቹ ተሰጥቷል። ለማንም እንዳትናገር ለመናት። እሷም ለማንም አልተናገረችም። ምሕረት እንዳይመስላችሁ፤ ትዕይንቱ እንዳያመልጣት ነው። ዶክተሩ ያልወለደውን ልጅ ታቅፎ ሲቆም፣ አቤሴሎም በዚያ በሚጥም አንደበቱ ሲንተባተብ፣ ጠና ከጠረጴዛ ሥር ሲገባ ማየት ፈለገች። ከትዕይንቱ በኋላ ደግሞ ወንበሩ የእሷ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ንቀቷ ትርፍ ሊያስገኝላት መሰላት።

ጥናታቸውን በመርማሪዎች ፊት በሚከላከሉበት ቀን ጠዋት ጉም ወርዶ ነበር። ተመራቂዎቹ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ጫማቸውን ከጭቃ ለማዳን በጫፍ እየረገጡ አዳራሹ ገቡ። መርማሪዎቹ የሚቀመጡበት ጠረጴዛ ላይ የታሸገ ውሃ፣ ለስላሳና ኬክ ተደርድሯል፤ ይህም ተማሪው ያዋጣው ነው። ሦስቱ መርማሪዎች ገብተው ተቀመጡ። ዶክተር ወልደኪዳን መሀል ነው። ኬኩን ቀመሰና የአቤሴሎምን ጥናት ከኋላ በኩል ከፈተው። ሁሌም ከኋላ ነው የሚጀምረው፤ ዝርዝሩ ውስጥ ራሱን ሳያገኝ ወደ ፊት አይሄድም።

ገነቴ ከኋላ ወንበር ላይ ወደ ፊት ተሳበች። የዶክተሩ ጣት በዝርዝሩ ላይ ወደ ታች ወረደ፣ ቆመ። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። አቤሴሎም ማስረዳቱን አቆመ። አዳራሹ ውስጥ የለስላሳ ክዳን ሲከፈት ይሰማል።

«ይህንን ጥናቴን ከየት አገኘኸው?» አለ ዶክተሩ።

አቤሴሎም ከንፈሩን አረጠበ። ኢንተርኔት ላይ ነው አለ፤ ድምፁ ከእግሩ ሥር የመጣ ይመስላል።

ዶክተሩ ራሱን በዝግታ ነቀነቀ። ከዚያ ወደ አዳራሹ ዞሮ ፈገግ አለ። የዛሬ ልጆች ከቤታቸው ያለውን ትተው ባሕር ማዶ ይናፍቃሉ፤ አልፎ አልፎ ግን እንዲህ የቤቱን የሚያስታውስ ይገኛል አለ። ጥናቱ የቆየ እንደሆነ፣ ያኔ መንገዱም እንዲህ እንዳልነበረ፣ የውሃ ናሙናውን በሃይላንድ ጠርሙስ ይዘው በጋሪ ይመላለሱ እንደነበር ተረከ። ጋሪው አንዴ ተገልብጦባቸው ናሙናው ሁሉ ፈስሶ እንደገና ወርደዋል። አዳራሹ ሳቀ። ከጎኑ ያለው መርማሪ በአድናቆት አንገቱን አዘነበለ።

ሰውየው አልደነገጠም። ያልወለደውን ልጅ አቅፎ ሳመው፤ ክርስትና አነሳው፤ እንዴት እንዳደገ ይተርክለት ጀመር። ገነቴ ውሸታም ሰው አይታ ታውቃለች፤ ሰው የዋሸለትን ውሸት ቁጭ ብሎ እንዲህ ሲያሳድግ ግን አላየችም። ልቧ በጥላቻ ሞቀ። ዶክተሩ በመጨረሻ ከግኝቶቼ የትኛው ጠቀመህ ብሎ ሲጠይቅ፣ ሁሉም ጠቅመውኛል ብሎ አቤሴሎም ላቡን ጠረገ። ዶክተሩ ትንሽ ቅር ያለው መሰለ። የሚያወራለት ፈልጎ ነበር።

ተራዋ ደረሰ። ጥናቷን በደንብ አቀረበች። ናሙና የወሰደችባቸውን ቦታዎች በካርታ አሳየች፣ ቁጥሮቿን አነበበች፣ ቁጥሮቹ ከሌላ ቦታ ቁጥሮች የሚለዩበትን ምክንያት አስረዳች። ግራና ቀኝ ያሉት መርማሪዎች በትክክል ይሰሟት ነበር። መሀል ያለው ግን ከኋላ ገጽ አልተነሳም። ጣቱ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ሄደበት፤ ከታች ወደ ላይ ተመለሰበት።

ምንጮቹ ከአርባ አንሰዋል አለ። ያነበብኳቸውን ብቻ ነው ያስገባሁት አለች። ይህን ስትል ድምፅዋ ውስጥ ያለውን ነገር አዳራሹ ሁሉ ሰምቶታል፤ አንዳንዱ ተንሾካሾከ። ዶክተሩ ጥናቱን ዘጋው።

«ያጠናሽው ስለዚሁ ስለ ታችኛዋ ወንዝ ነው አይደል? የእኔን ጥናት አላገኘሽውም?»

መልሱ ምላሷ ላይ ነበር። ፈልጌዋለሁ፣ የለም። ማስረጃውም ስልኳ ውስጥ አለ፤ የጃፓን ዓሣ ከነፎቶው። ቀና ስትል ዶክተሩ ያያታል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ ሰውየው ያውቃል። እሷ እንደምታውቅም ያውቃል። ዓይኑ ውስጥ ልመናም ዛቻም ነበር፤ ማርኩን የምትጽፈው እስክሪብቶ ደግሞ ጣቶቹ መሀል ነች። ከጎን በኩል ጠና ጫማውን ያያል። አቤሴሎም ከወንበሩ ላይ ፊቱ አመድ መስሎ በዓይኑ ይለምናታል። ገነቴ ሦስቱንም በየተራ ናቀቻቸው። ከዚያ የአጎቷ ባንኮኒ ታያት፤ የተጠረገችው ጥግ፣ ሚዛኑ፣ የሚስማሩ ዝገት ሽታ።

«አግኝቼው ነበር ዶክተር» አለች።

«ታዲያ?»

«ናሙናው የተወሰደው በበጋ ብቻ ስለሆነ ከእኔ የክረምት ውጤት ጋር ለማነጻጸር አስቸገረኝ።»

ይህን ከየት እንዳመጣችው አታውቅም። ራሱ ነው የወጣው። ተራ ውሸት ቢሆን ዶክተሩ አመስግኖ ያልፈው ነበር፤ ይህ ግን ትችት ነበር፤ የሌለ ነገር ደግሞ አይተችም። የሰውየው ፊት በራ። ትክክል ብላለች አለ፤ ክረምት ላይ ጋሪውም አያልፍ፣ ሰዉም አይወርድ ነበር። ግን የበጋውስ ቢሆን ድልድዩ አካባቢ ያለው ውጤት አላስገረማትም ወይ ብሎ ጠየቃት። አስገርሟታል። ድልድዩ ዘንድ ብክለቱ ከላይኛው ቦታ ዝቅ ማለቱ እንግዳ ሆኖባት እንደነበር፣ ምናልባት ረግረጉ አጣርቶት ይሆናል ብላ እንዳሰበች ነገረችው። እኛም ያልነው ይህንኑ ነው አለ ዶክተሩ። አንድ ቦታ ላይ በትሕትና አረማት፤ ሌላ ቦታ ላይ እሷ አረመችው፣ እሱም ትዝ ብሎት እውነትሽን ነው አለ። እንደ ሁለት ሊቃውንት ሲነጋገሩ አዳራሹ ጸጥ ብሎ ሰማ። በግራ ያለው መርማሪ የጥናቱን ርዕስ ማስታወሻው ላይ ጻፈው። ጠና ቀስ በቀስ አንገቱን ቀና አደረገ፤ ፊቱ ላይ የነበረው ኩራት የአባት ኩራት ነው።

ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች ይባላል። ገነቴ የተማረችው ግን በመዋል አይደለም። አራት ዓመት ሙሉ የሌላውን ውሸት እየፈታች ስትመረምር፣ ውሸት በምን እንደሚታመን ከማንም በላይ አውቃዋለች። አቤሴሎም ውሸቱን የያዘው በርዕሱ ብቻ ነበር። እሷ ዘዴውን፣ ወቅቱን፣ ድክመቱን ሁሉ ሰጠችው። ከመድረኩ ስትወርድ ያጨበጨቡላትን ሰዎች ጠላቻቸው።

ውጤቱ የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ በር ላይ ተለጠፈ። አንደኛዋ ገነቴ ናት፤ ቦታው የእሷ ነው። የአርባው ምንጭ ነገር ተረስቷል፤ መርማሪዎቹ ያዘዙት ማስተካከያ አንድ ብቻ ነበር፤ የዶክተር ወልደኪዳን ጥናት በምንጭነት እንዲገባ። ምስጋናውም ተጽፏል፤ ተማሪዋ ምንጮችን በጥልቀት አንብባ የመተቸት ችሎታዋ አርአያ ነው ይላል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለው ተረት እዚያ በር ላይ ቢለጠፍ ሳቅ ይሆን ነበር።

ጠና መጥቶ በሁለት እጁ እጇን ጨበጠ። «አሁን ገባሽ» አላት። እሱ ለዘመናት ያጠራቀመው ጥበብ ይኸው ነው። ገነቴ እንደ ልማዷ ልትንቀው ዓይኗን አነሳች። ንቀቱ አልመጣም። የሚቆምበት ቦታ አጥቶ ወደ ውስጧ ተመልሶ ገባ፤ እዚያም ብዙ ቦታ አገኘ።

አቤሴሎም ያገኛት ከጽዱ ሥር ነው። ትሸሸው ነበር፤ እንደሚሰድባት ጠርጥራለች። ቢሰድባትም ይገባኛል ብላ ተዘጋጅታለች፤ እንዲያውም እንዲሰድባት ፈልጋለች፤ ጥናቱ እንደሌለ ከእሷ አፍ የሰማ ሰው እሱ ብቻ ነውና። አቤሴሎም ግን እየሳቀ መጣ፤ ሳቁ ውስጥ ቂም አልነበረም። እንኳን ደስ ያለሽ አላት፤ ከልቡ ነው። ከዚያ እንደ ሕፃን ጣቱን አወዛወዘባት።

«የለም ያልሽኝ ለብቻሽ ልትይዢው ነው አይደል? እኔ ደግሞ የእውነት አምኜሽ እንቅልፍ አጥቼ ነበር።»

ገነቴ ወደ ግቢው በር አየች።

«ግዴለም፣ ውድድር ነው፤ እኔም ብሆን አደርገው ነበር» አለ አቤሴሎም። ኤአዩን ጠርጥሮት እንደነበር፣ እሷ ግን ስታብራራው እንዳነበበችው ሁሉም ሰው እንዳወቀ ነገራት። ከእነሱ በታች ዓመት ያሉት ተማሪዎችም ከአሁኑ እየጠየቁት ነው፤ ስለ ታችኛዋ የሚጽፉ አሉ፤ ገነቴ ዘንድ አለ ብሏቸዋል። ስልኩን አወጣና ቴሌግራሙን ከፍቶ ፊቷ ዘረጋው። «ሶፍት ኮፒውን ላኪልኝ እንጂ።»

ገነቴ ስልኩን አየችው። የለም ማለት አሁንም ትችል ነበር። የለም ብትለው ግን ከእንግዲህ የሚያምናት አልነበረም።

«ኔትወርክ ሲመጣ እልክልሃለሁ» አለችው።